የላጤዎቹ በረኛ

እሑድ፣ ጥር 18

ሱብሒ ሰግጄ በቀጥታ ወደ ሜዳ። ብርድ... ጣቶቼ ጓንቱ ውስጥ አልታዘዝ አሉኝ። እንደ ወትሮው ግማሹ ቡድን አርፍዶ መጣ፤ በሰዓቱ የመጣውም ማሟሟቁን ትቶ ወሬ ያዘ። የጤና ቡድን ማለት ይኼ ነው። ስሙ ጤና ነው እንጂ ጉልበቱን በፋሻ ያላሰረ፣ ወገቡን ይዞ የማያቃስት የለም።

ጀማሉ ሆዱን አስቀድሞ ሲሮጥ ሳየው ሳቄ መጣ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ተጫውተናል። ፍጥነቱ ሄዷል፤ አፉ ግን እንዳለ ነው። "አብዱ፣ ውጣ! ውጣ!" ይለኛል ከመሀል ሜዳ። ወዴት ነው የምወጣው? በረኛ ነኝ።

ሁለት እኩል ወጣን። አንዷ ጎል የኔ ጥፋት ናት... ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብያቸዋለሁ። ደመና ነበር።

ከሰዓት ሱቅ ከፈትኩ። ቀለምና ሚስማር ፈላጊ በዝቶ ዋለ። ማታ ከሩፋይዳ ጋር የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት ሞላን። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አሁን አሁን ትቀድመኛለች። እስክሪብቶውን ነጥቃኝ ነው የምትጽፈው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

የሌላው በረኛችን የዑመይር ሰርግ። ደስ የሚል ሰርግ ነበር። የቡድኑ ሰው በሙሉ አንድ ላይ ተቀምጦ እንደ ተጋጣሚ በላ።

አቡሽ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሙሽሪትን "በረኛችንን ወሰድሽብን" እያለ ሲያስቃት ዋለ። እኔም ስስቅ ነበር። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ነገሩ የገባኝ።

እሑድ፣ ጥር 25

በየዓመቱ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለትዳሮችና ላጤዎች እንጋጠማለን። ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ስለሚገቡ ቀኑ ለየካቲት 16 ተቆርጧል፤ የክርስቲያኖቹ ቅበላ ዕለት። የተሸነፈ ቁርስ ያበላል። ከቁርሱ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው ስድብ ነው የሚከብደው።

ቡድኑ ውስጥ ያለነው በረኞች ሁለት ነን። ዑመይር ለላጤዎቹ፣ እኔ ለባለትዳሮቹ። አሁን ዑመይር አገባ። ስለዚህ ባለትዳሮቹ ሁለት በረኛ አላቸው፤ ላጤዎቹ ምንም።

አቡሽ የላጤዎቹ አምበል ነው። "እኛ እንግዲህ በረኛ የለንም" አለ።

ጀማሉ የታኬታውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ዳኛችን መምህር ሰይፉ ፊሽካውን እያገላበጠ አየ። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው። የኔም።

ባለቤቴ ዘይባ ከሞተች በሰኔ ሁለት ዓመት ይሆናል። አምና የባለትዳሮቹ ስም ሲጠራ የኔም ተጠራ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ገብቼ ቆምኩ። አላህ ይስጣቸው፣ ለኔ ብለው ነው። ዘንድሮ ግን ቁጥሩ አልገጥም አለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ጀማሉ ሱቅ መጣ። ቀለም የሚገዛ መስሎ አንዱን ቆርቆሮ ያነሳል፣ ሌላውን ያስቀምጣል።

"ዑመይር ዘንድሮም ለነሱ ይቁም። ገና ሙሽራ ነው፣ ምን አለበት?"

"ምን አለበት" አልኩ።

ተደስቶ ሄደ። ማታ ደወለልኝ። ለካ ሙሽሪት ሰምታ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች። "ከገባሁ ሳምንት ሳይሞላኝ ባሌ ከላጤ ጋር ሊሰለፍ? እኔ ምኑ ነኝ?" ብላለች አሉ። ልክ ናት። የኔዋም ብትሆን ይኼንኑ ነበር የምትለው። ከዚህም ትብስ ነበር እንጂ።

እሑድ፣ የካቲት 2

ዛሬ በልምምዱ ለላጤዎቹ በረኛ ተብሎ የዳቦ ቤቱ ልጅ ቆመ። አምስት ገባበት። አንዷ እግሩ መሀል ሾልካ ስታልፍ ዞሮ አላያትም፣ ሰማዩን ነው ያየው። አቡሽ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ያም ሆኖ ማንም አልጠየቀኝም። ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ሁሉም ዓይኑን ያሸሻል። በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም... ቢጠይቁኝም እኮ ይኼን ጊዜ ተጣልቻቸው ነበር።

ልብስ ስንቀይር ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "እኔ እቆማለሁ ለላጤዎቹ።"

አቡሽ "ጋሼ... እርግጠኛ ነህ?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ በሽተኛ እንደሚያናግር ሰው።

ጀማሉ ማልያውን ወረወረው። "አንተ ባለትዳር ነህ!"

"የማን?" አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቦርሳውን ይዞ ሰላም ሳይለኝ ሄደ። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም ይሆን? እውነቱን ነው ያልኩት። ግን እስከ ቤቴ ድረስ እሱኑ ሳመላልስ ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አቡሽ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ይኼን ረስቼው ነበር። ለተሳፋሪው ሁሉ ነግሯል።

ጠዋት የጎረቤት ሱቅ ሴትዮ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ሻይ ይዛልኝ መጥታ አታውቅም። የእህቷ ልጅ ከዓረብ አገር እንደተመለሰች፣ ጸባይዋ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ያህል ሶላተኛ እንደሆነች... ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ ሰውዬም ሲሚንቶውን ትቶ ስለ ምራቱ እህት ያወራኝ ጀመር። ከሰዓት ደግሞ የማላውቃቸው ሽማግሌ "ደግ አሰብክ ልጄ፣ ሰው ብቻውን አይሆንም" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ።

ኳስ ልጫወት ነው ያልኩት! በረኛ ልሁን!

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ወሬው ወልቂጤ ደርሷል። እህቴ አሚኔ ደወለች።

"አልሐምዱሊላህ ወንድሜ! ልብህ መለስ አለ አሉኝ።"

"ምኑ ነው የተመለሰው?"

"ከላጤዎቹ ጋር ገባሁ አልክ አሉ እኮ። እኔማ ስንት ጊዜ ስልህ ነበር። አንዲት አስተማሪ አለች፣ እዚሁ ወልቂጤ..."

"አሚኔ፣ ኳስ ነው።"

"ኳስም ይሁን። ሰው መጀመሪያ በአፉ ነው የሚጀምረው።"

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ሩፋይዳ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ሰሃኑን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አታናግረኝም። ጋዜጣው እንዳለ ተቀምጧል፣ አንድ ሳጥን አልተሞላም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ሜዳ አልሄድኩም። ጉልበቴን አሞኛል አልኳቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዛሬ በሯን አንኳኩቼ ገባሁ። ልብ ወለድ ታነባለች። ገጹን አልዘጋችውም፣ ከመጽሐፉም ቀና አላለችም።

"ሩፋይዳ፣ ኳስ ብቻ ነው" አልኳት።

"ትምህርት ቤት 'አባትሽ ላጤ ሆነ' እያሉ ይስቁብኛል።"

"ሰው ያወራል።"

"ኳስ ብቻ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም? ባጃጅ ውስጥ ነው የሰማሁት። ከማላውቀው ሰው።"

ልክ ናት። ሳልነግራት የቀረሁት ኳስ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከላጤዎቹ በኩል ከቆምኩ እናቷ የለችም ማለት ነው። እንደሌለች ሁላችንም እናውቃለን። ግን ባወቁትና በቆሙበት መካከል ልዩነት አለ... ይኼን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል?

"ልታገባ ነው?"

"አላውቅም። አሁን አላሰብኩም። ካሰብኩ ግን መጀመሪያ ላንቺ ነው የምነግርሽ። ከአቡሽ በፊት።"

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቅኩም። ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

እሑድ ትመጫለሽ ወይ አላልኳትም። ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጓንቴን አጠብኩ። ለጀማሉ ደወልኩለት፣ አላነሳም። ይኼን ያህል? ልተወው አልኩ አንድ ጊዜ። ለአቡሽ ልደውልና ጉልበቴ አልተሻለኝም ልበል... ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ የዳቦ ቤቱ ልጅ ትዝ አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። የሜዳው ዳር በባጃጅ ተሞልቶ፣ ልጆች ጣራው ላይ ወጥተው... ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ እስኪወጡ ጠብቀን ጀመርን። የላጤዎቹን ቀይ ማልያ ለበስኩ። ጠበበኝ። የተሰፋው ለሃያ ዓመት ልጅ ነው።

ስንጨባበጥ ጀማሉ እጄን ያዘና አለቀቀኝም። ዓይኑ ቀልቷል። "በል ልቀቀኝ፣ ጎልህን ጠብቅ" አልኩት። "እኔ አጥቂ ነኝ፣ የምን ጎል ነው የምጠብቀው?" አለኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ እኩል አለቀ። ደህና ነበርኩ። አንዷን በጣቴ ጫፍ አወጣኋት፤ አቡሽ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ከዕረፍት በኋላ ከጎሌ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከመስቃን ገጠር ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ኳሱ ወዲያ ማዶ ነበር።

"ይኼኛው ወገን ያላገቡት ናቸው አሉኝ" አሉ።

"አዎ አባባ።"

"ታዲያ አንተ፣ ይኼን ሁሉ ሽበት ይዘህ እስካሁን ሳታገባ?"

ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ዞር አልኩ።

"አግብቼ ነበር አባባ። ባለቤቴ ሞታለች።"

ከራሴ አፍ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ያኔ ሐዘን የተቀመጥን ጊዜ የሚናገሩልኝ ሌሎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ፊቴ የቆመ መሰለኝ... ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ለቀቀ።

"በረኛ! በረኛ!" ይጮሃሉ። ስዞር ኳሷ በአጠገቤ ተንከባላ ገባች። እንዲህ ቀስ ብላ የገባች ጎል አይቼ አላውቅም። ጀማሉ ነው የመታት። ማልያውን ሆዱ ላይ ገልቦ መሮጥ ጀመረ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ቆመ። "ምነው? ተመታህ እንዴ?"

"አይ፣ ደህና ነኝ።"

ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ሩፋይዳ ከሽማግሌው አጠገብ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም። ሰምታለች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"አባባ፣ አላህ ይርሐማት በሉልን። እናቴ ናት።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ቋሚው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ። እዚያው ጎል ላይ ዱዓ አደረጉ። እኔም ሩፋይዳም "አሚን" አልን። ሰይፉ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ጠበቀን። ማንም አልተጣደፈም። ስንጨርስ ነፋ።

ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። አቡሽ "ጋሼ፣ ያቺን ሁለተኛዋን እንኳ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ግራ ገብቶታል፣ ምስኪን።

ቁርሱ ቆጮ በአይብና በጎመን ነበር። ሥጋ ከሆነ የክርስቲያን ለብቻ፣ የሙስሊም ለብቻ ማዘጋጀት አለ፤ አይብና ጎመን ግን ሃይማኖት የላቸውም። ያበላነው እኛ ላጤዎች ነን። እኛ ላጤዎች! ጀማሉ ጉርሻ እየጠቀለለ "አይዞህ አብዱ፣ ለከርሞ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ" አለኝ። ሁሉም መብላቱን አቆመ። ጀማሉም ያለው ነገር ያኔ ነው የገባውና ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሲጠነቀቁልኝ የከረሙት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ ሳቁ አላቆም አለ።

ከሩፋይዳ ጋር በእግራችን ተመለስን። ቤት ገብተን ምሳ ስታቀርብ ነው የጠየቀችኝ።

"እማ መጥታ አይታህ ታውቃለች?"

"አንድ ጊዜ። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ከጀማሉ ሚስት ጋር ስታወራ ጨዋታው አለቀ። ማታ 'ጎበዝ ነበርክ' አለችኝ። አራት ገብቶብኝ ነበር።"

ሩፋይዳ የጎረሰችው ትን እስኪላት ሳቀች። "ሌላ ንገረኝ" አለችኝ። ሌላ ነገርኳት። እሷም እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ፤ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ እያለች ምን እንዳለቻት፣ እኔን በምን እንዳማችኝ። አለቀስን። እንደገና ሳቅን። ምሳው ቀዘቀዘ።

እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ድረስ ስለ ዘይባ አወራን። ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ስሟ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።