የኮምጣጤ ጥንድ

ጥር 12 ቀን 88፣ ከቀኑ 8፡30
የወንዶቹን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ካንዱራ፣ እየተኮስኩ ነው። ዘጠኝ አለቀ፣ አምስት ይቀራል። ሰፈሩ፣ አል ሙዋይጂ፣ በሙሉ የቀትር እንቅልፍ ተኝቷል። የማዳም ልጅ ሞዛ ብቻ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኬሚስትሪዋን ዘርግታ ትነፋረቃለች። ሰረቅ አድርጌ አየሁ። የኮምጣጤን የአሲድነት ቁጥር Ka በአሞኒያ የቤዝነት ቁጥር Kb አባዝታ 10⁻¹⁴ አልመጣም ትላለች። እንዴት ይምጣ? የአንዷን ባል ከሌላው ሚስት ጋር አጋብታ። አሲዱ ፕሮቶኑን ሰጥቶ ከሚቀረው ከራሱ ቤዝ ጋር ነው የሚባዛው። የኮምጣጤ ጥንድ አሲቴት ነው። እጄን በላኝ። ወደ መተኮሴ ተመለስኩ።

ማስታወሻዬ፣ እዚህ ቤት አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ፣ አባቴ ሲሞት አቋረጥኩ። ደላላው ማዳሞች የተማረች አይወዱም ብሎ ፎርሜ ላይ ማንበብና መጻፍ አትችልም አስባለኝ።

ጥር 14፣ ጠዋት
የሞዛን ስህተት ላርም እንዳማረኝ ለጎረቤት ሠራተኛዋ ለከድጃ በአጥር ነገርኳት። የወሎ ልጅ፣ ቀልደኛ። ዛሬ አልቀለደችም። ዝም አይነቅዝም አለችኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ ማዳም ካላሳደሰችልኝ አውሮፕላን ነው። እውነቷን ነው። ዝም እላለሁ።

ጥር 15፣ 9 ሰዓት
አልቻልኩም። ሞዛ ስትወጣ ደብተሩ ክፍት ቀረ። በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፦ እያንዳንዱ አሲድ ከራሱ ቤዝ ጋር። ከሥሩ ስሌቱን። 10⁻¹⁴ ለ1.8×10⁻⁵ ሲካፈል 5.6×10⁻¹⁰። አንዱ በበረታ ቁጥር ጥንዱ ይደክማል። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወዲያው ጸጸተኝ። ላጲስ ስፈልግ ሞዛ ደረሰች፤ ሳታየኝ ወደ ካውያዬ ሮጥኩ።

ጥር 18፣ 8 ሰዓት
ጉድ ፈላ። ሞዛ ከአሥር አሥር አገኘች። ማዳም ግን ደብተሩ ላይ የማታውቀው ጽሕፈት አየች። የወንድ ነው አለች። ሞዛን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ሾፌር እንግሊዝኛ ያውቃል፤ በቃ፣ ከልጄ ጋር የሚጻጻፈው እሱ ነው አለች። የአምስት ልጆች አባት፣ ሽማግሌ ሰው። ሞዛ ማን እንደጻፈው አላውቅም ብላ እየማለች ታለቅሳለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። መሃይም ነኛ።

9 ሰዓት
ማዳም ኸላስ፣ አበቃ ብላለች። የሾፌሩ ፓስፖርት ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ባሏ ባባ ከአቡ ዳቢ እንደተመለሰ ወደ አገሩ ይሸኙታል። ሾፌሩ ጓሮ መኪና እያጠበ ነው፣ ገና አልሰማም።

ፈርቻለሁ። እናቴን ምን እላታለሁ? ኢቃማው... ተዪው። እርሳሱን ይዣለሁ። ሳሎን ገብቼ ያንኑ ቃል ማዳም ፊት እጽፈዋለሁ፣ ጽሕፈቱን ራሷ ታስተያየው። እየተጣራች ነው፣ ሻይ ፈልጋ ይሆናል። ሄድኩ።