ለኤልክ አዳኞች ጠመንጃና አረር ሲመርጡ የኖሩት የአቶ አርቪድ ቶለፍሰን የሕይወት ታሪክ

አቶ አርቪድ ቶለፍሰን ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ቶለፍሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በማርች ወር 1951 በሞንታና ግዛት፣ ከዊሎው ፎርክ ከተማ በላይ ተራራው ሥር በሚገኘው የእንጨት ቤት ተወለዱ። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሐኪም አልደረሰም፤ ያዋለደቻቸው ጎረቤታችን ናት። ይህን ታሪክ የጻፍኩትም የማነበውም እኔ ታላቅ እህታቸው ሶልቬግ ነኝ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደጃፉ ላይ ድምፅ ማጉያ አስተክያለሁ። ቄሱ “ሰዉን ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ይይዛል፤ ለማን ነው?” ብለውኛል። ለአንድ ሰው ነው። የወንድሜ ልጅ ኮልቢ ለእናቱ “አልገባም፤ ሬሳው ሲወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አያለሁ፤ ከዚያ ወደ ተራራው እመለሳለሁ፤ ያቆሰልኩትን አውሬ ካላገኘሁት አትጠብቁኝ” ብሏታል። ተራራው ላይ በረዶው ደረት ደርሷል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ይወርዳል ብለዋል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሞተው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አቶ አርቪድ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሸለቆው ውስጥ ባለው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሁለተኛ ደረጃንም እዚህ ከተማ ተምረው በ1969 አጠናቀቁ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብዬ እግዚአብሔር ቤት ቆሜ አልዋሽም። በ1972 በኦስተርማን የዕቃ መደብር ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡ ድረስም ከጠመንጃ መሸጫው ባንኮኒ ኋላ አልጠፉም።

ሥራቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ የኤልክ፣ የዚያ ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን፣ አደን ሊከፈት ሲል ከየከተማው የሚመጣው ሰው በሩን ገና ሳይዘጋ “ትልቁን ስጠኝ! ኤልክ ፈረስ ያክላል አይደል?” ይላል።

“ያክላል” ይሉታል አቶ አርቪድ። “ስትተኩስ ዓይንህን ትጨፍናለህ?”

“እኔ? ኧረ በጭራሽ!”

“ና እስቲ።”

ከመደብሩ ጀርባ ካለው መተኮሻ ሜዳ ይወስዱትና ሳያሳዩት ከደህናዎቹ ጥይቶች መሀል የማይተኩስ አንድ ጥይት ያጎርሱለታል። ሰውየው ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው ዝም፤ እሱ ግን ዓይኑ ግጥም፣ ትከሻው ወደፊት ውርውር። “አየህ? ማንም ሳይነካህ እኮ ነው የደነገጥከው” ይሉታል። ተቆጥቶ የሄደ ብዙ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁትም ውስጥ አለ፤ ሮይ፣ አትሳቅ፣ አንተንም ያስታውሱህ ነበር።

ለእሳቸው የጠመንጃው አፈሙዝ ስፋት ሁለተኛ ነገር ነበር። ትከሻህ የሚችለውን ያዝ ይሉና አብዛኛውን ሰው ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለውን መካከለኛ ጠመንጃ አስይዘው ይሸኙታል። የሚጨቃጨቁት በአረሩ ነው። ቀላልና ፈጣን አረር የኤልክ ትከሻ አጥንት ላይ ሲያርፍ እንደ ብስኩት ይበተናል፤ ሥጋ ያበላሻል እንጂ ሳንባ አይደርስም። ከበድ ያለው፣ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር አንድ ላይ የተጣበቀው ግን ጫፉ ይከፈትና ክብደቱን ሳይጥል ይዘልቃል። አዳኙም ከሥጋው ውስጥ ያወጣውን አረር አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥላቸዋል፤ እሳቸውም መዝነው፣ አገላብጠው፣ ሰውየውን ያመሰግናሉ ወይም ይሰድባሉ። “አውሬው ምን በደለህና ነው በዚህ ያሰቃየኸው!” ሲሉ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር።

በ1978 የትምህርት ቤታችንን ምግብ አብሳይ ወይዘሮ ሎርና ቤክን አግብተው ማሪትንና ኮልቢን ወለዱ። ባለቤታቸውን የሚወዱ፣ አበባ ግን አንድ ቀን ገዝተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሎርናም ይህን ጻፊልኝ ብላኛለች።

ኮልቢ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አቶ አርቪድ የራሳቸውን ጠመንጃ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ማግነሙን፣ በአዳኞች ማኅበር እራት ላይ በሰው ሁሉ ፊት አስታቀፉት። ጠንካራ ሰው ብቻ የሚችለው፣ ትከሻ የሚያበልዝ ጠመንጃ ነው። አጨበጨብን። ቶለፍሰን ማለት ይኸው ነው ተባለ። ለመንገደኛው ሁሉ የሚያደርጉትን፣ ከመደብሩ ጀርባ ወስዶ መሞከሩን፣ ለልጃቸው አላደረጉትም። የእኔ ልጅ አይጨፍንም ብለው ነዋ!

ከዚያ ወዲህ ኮልቢ ሲያድን ብዙ አይተኩስም። ሥጋ ተሸካሚው እሱ፣ ድንኳን ተካዩ እሱ፣ ዱካ ተከታዩ እሱ፤ ተኩሱን “እናንተ ቅደሙ” እያለ ለሌላው ይተዋል። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ልጅ ነው ስንል ሃያ ዓመት አለፈ።

አቶ አርቪድ ከ2019 ጀምሮ ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሙ ተራራ ከልክሏቸዋል። ዘንድሮ ግን “አንዴ፣ የመጨረሻዬን፣ ኮልቢ ሲጥል ልይ” ብለው ሎርናን ለምነው ወጡ። ወንዱ ኤልክ ከዛፎቹ ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፤ ሩቅ አልነበረም። ጠመንጃው ትልቁ ነው፣ አረሩ አባትየው የመረጡት ከባዱ ነው፤ ምንም የጎደለ የለም። ኮልቢ ተኮሰ። አረሩ ሆዱን መታው፤ አውሬው ደሙን እያንጠባጠበ ጫካ ገባ።

“አባዬ፣ አንተ እዚሁ ተቀመጥ፤ እኔ እከተለዋለሁ” አለ ኮልቢ።

“የቆሰለ አውሬ ትቼ ተቀምጬ አላውቅም” አሉና ቀደሙት።

እዚህ አገር ያቆሰለውን ትቶ የሚመለስ ሰው እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ ሕግ ሳይሆን ከሕግም የባሰ ነገር ነው። ሁለቱም ደሙን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ አቶ አርቪድ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ኮልቢ በጀርባው አዝሎ እስከ መኪናው አወረዳቸው፤ ሆስፒታል አስገብቶም አልተቀመጠም። “አገኘሁልህ ልበለው፤ በሰላም ይሂድ” ብሎ ወደ ተራራው ተመለሰ። አባቱ ሲሞቱ እዚያ በረዶ ይቆፍር ነበር።

ኮልቢ፣ አሁን የምለውን ስማ። ሞተሩን አጥፋና ስማ።

አባትህ ከማረፉ በፊት አልጋው አጠገብ እኔና እህትህ ማሪት፣ ነርሷም ነበርን። ትንፋሹ እየተቆራረጠ “ሶልቬግ፣ ልጁ ሲተኩስ አጠገቡ ነበርኩ” አለኝ። “ገና ሳይተኩስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻው ሸሸ።”

“ተወው አሁን፤ ዕረፍ” አልኩት።

“አላርፍም! የማላውቀውን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ ልጄን አንድ ቀን ሳልጠይቀው ቀረሁ። በሰው ፊት አሸከምኩት፤ እሱም እኔን ላለማሳፈር ሃያ ዓመት ተሸከመው። አውሬውን ያቆሰልኩት እኔ ነኝ። ንገሪው።”

“ራስህ ትነግረዋለህ።”

“ካልደረሰልኝ በሰው ፊት ንገሪው። ጠመንጃውን በሰው ፊት ነው የሰጠሁት።” ቀጥሎም ለኦስተርማን ንገሪልኝ አለኝ፤ ሰባት ሚሊሜትሩን ጠመንጃ፣ ቀላሉን፣ እርግጫው የማያስደነግጠውን እንዲያስቀምጥልህ። “ከባዱን አረር ይስጠው፤ ኤልክ ይጥላል። ቀስ ብሎ ይልመድ። ማንም አይቸኩልበት” አለ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። ባንኮኒው ላይ እንደነበረው፣ ለሰው ጠመንጃ ሲመርጥ ሞተ።

ይህን ሰኞ ዕለት በስልክ ስነግርህ “አክስቴ፣ እኔን ለማትረፍ የፈጠርሽው ነው፤ አባዬ አጠፋሁ ብሎ አያውቅም” ብለህ ዘጋህብኝ። እውነትህን ነው፣ ብሎ አያውቅም ነበር። እኔም ሰባ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር! ይኸው ማሪት አጠገቤ ቆማለች፤ ነርሷም ሁለተኛው መደዳ ላይ ተቀምጣለች። ማናችን ነን የምንዋሽህ?

ገበናህን አደባባይ አወጣሁት፤ አውቃለሁ። ብትፈልግ ተቆጣኝ፤ ብትፈልግ ዕድሜ ልክህን አታናግረኝ። ለመቆጣት ግን በሕይወት መኖር አለብህ። አውሬው ሞቷል፣ ኮልቢ። በረዶው ሸፍኖታል፤ ድቡም ደርሶበታል። ተሰቃይቷል፣ አዎ፤ አሳዝኖኛል። አሁን ግን አይሰቃይም። አንተ እዚያ ብትቀር የሚያርፍልህ አውሬም አባትም የለም፤ እናትህ ብቻ ትሞታለች። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ሮጬ አልይዝህም፤ ቁልፍህንም አልነጥቅህም። ያለኝ ይህ ድምፅ ማጉያ ነው።

አቶ አርቪድ ቶለፍሰን በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ኖቬምበር 16 ቀን 2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎርና፣ ልጆቻቸው ማሪትና ኮልቢ፣ እህታቸው እኔ፣ አብረዋቸው ተራራ የወጡ ጓደኞቻቸውም በሕይወት አሉ። ኮልቢ በሕይወት አለ ብዬ በጽሑፍ አስፍሬያለሁ፤ ወረቀቱም ታትሞ በሁላችሁም እጅ ነው።

ሳጥኑን ስድስት ሰው ይሸከመዋል። የተመረጡት አምስት ናቸው፤ ከፊት በግራ በኩል ያለውን እጀታ ማንም እንዳይነካ ብያለሁ። ማንም ለመተካት እንዳይነሳ፤ ሮይ፣ አንተም ብትሆን ተቀመጥ። በምድር ቤት የተሠራው ምግብ ይቀዝቅዝ፤ ቆፋሪዎቹም ይጠብቁ። የወንድሜ ልጅ በዚያ በር እስኪገባ ድረስ ሬሳው ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ቀኑ ቢመሽ እዚሁ እናመሻለን፤ የበረዶ ማዕበሉም ቢመጣ እዚሁ ያግኘን።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። የልጁን ነፍስ ግን ገና አልጠገብናትምና አይውሰድብን። ኮልቢ፣ ና ግባ፤ አባትህ ከበደን።