የካሱ ባዘቶ

ካሱ፣

ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ። ግቢ ውስጥ አንሶላ ላይ ያሰጣሁትን ጥጥ ግን ዝናብ ሳይመጣ አስገባልኝ።

ጠዋት እናትህ ባዘቶ ይዘው ከጨንቻ መጥተው ነበር። «ይሄ ለካሱ ጋቢ ነው። የፊተኛውን አንተ እንደምትደበድበው ነግሮኛል» ብለው ሳቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማንጎው ላይ ለቡጢ የሰቀልኩትን ጆንያ በፊተኛው ባዘቶ ስሞላው የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ መስሎኝ ነው። እሳቸው ፈልቅቀው የነደፉት መሆኑን በምን ልወቅ? አንተ ግን ታውቅ ነበር። የአባቴን መርዶ ከሰማሁ ወዲህ እንባ እንቢ እንዳለኝ፣ የካራቴ አስተማሪያችን «ምታው፣ ይወጣልሃል» እንዳለኝ፣ ጆንያውን ደብድቤ የገባሁ ቀን ብቻ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ ታውቃለህ። «ልጁ መተኛት ጀምሯል፣ ተይው» አልካቸው አሉ።

ለምን አልተቆጣኸኝም?
ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ጆንያውን አውርጄ ዘረገፍኩት። ከጥጡ ውስጥ ቅጠልና ጉድፍ መልቀም ስጀምር እናትህም አጠገቤ ቁጭ ብለው ያግዙኝ ጀመር። ልቅሶው ያኔ መጣ። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ መልቀማቸውን ቀጠሉ።

አሁን አብረን ወደ ሲቀላ መናኸሪያ ልንወርድ ነው። እሳቸው ወደ ጨንቻ፣ እኔ አባቴን ላለቅስ እናቴ ዘንድ።

ጥጡን አንዳንድ ቦታ ረጥቦ ብታገኘው፣ ውሃ አላስነካሁትም።

አለምሰገድ