ሰዓት ያዥሽ እኔ ነበርኩ

የኔ ልጅ፣

ሾርባው ድስት ውስጥ አለልሽ፤ አሙቂና ጠጪ። የኩሽናውን ቧንቧ አጥብቀሽ ዝጊ፣ ይንጠባጠባል።
እኔ ወንድሜ ጋ ሄጃለሁ።

ፊት ለፊት ልነግርሽ ስል አፌ እምቢ አለኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ለሁለተኛ ዲግሪው መግቢያ ፈተና ያንን የእንግሊዝኛ ምንባብ ስትለማመጂ፣ «አክስቴ፣ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ በቃ በይኝ» ብለሽ ሰዓቱን ሰጠሽኝ። እኔም «እንግሊዝኛ ባላውቅም ሰዓት ማየት አያቅተኝም» ብዬ ተኩራራሁብሽ።
ሃያው ሲሞላ ቀና ብዬ አይሻለሁ። ጣትሽ ገና መሀል መስመር ላይ ነው፣ ግንባርሽ አልቦታል። አንጀቴ አልችል ይላል።
«በቃ» ሳልልሽ አሳልፋለሁ። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰባት።
«ደረስኩ!» ስትዪ አብሬሽ አጨበጭባለሁ።

ፈተናው ላይ ሁለት ምንባብ ሳታነቢ ወረቀቱን ተቀበሉሽ። ውጤቱ የመጣ ቀን «ቤት እኮ እጨርስ ነበር! እዚያ ምን ነካኝ? ደደብ ነኝ ማለት ነው» እያልሽ ስታለቅሺ፣ ጀርባሽን እያሻሸሁ «ዕድል ነው» አልኩሽ።

ዕድል አይደለም።
እኔ ነኝ።

አንቺ ደደብ አይደለሽም። ይህን ደግመሽ አንብቢው።

ለሚመጣው ዓመት ፈተና በዚህ ባለ ደወሉ ሰዓት ተለማመጂ፤ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። እሱ አያዝንልሽም።
የቤት ቁልፌንም አጠገቡ ትቼዋለሁ። ንዴትሽ ሲበርድልሽ ቁልፉን ይዘሽልኝ ነይ።

አክስትሽ