ግልባጩን ያነበቡት ወይዘሮ ትርፍነሽ ወዳጄ

ወይዘሮ ትርፍነሽ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጄ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሕብስት ገብሬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው ማኅተም ቀራጭ ነበሩ። ማኅተም ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ትርፍነሽም ገና በልጅነታቸው የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ዳዊት ያነበንቡት ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1962 ከአቶ አስፋ ይመር ጋር ትዳር መሥርተው ሜሮንን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1985 ካረፉ በኋላ፣ በ1989 በአንድ ዲፕሎማት ቤት በሠራተኝነት ተቀጥረው ጄኔቫ ገቡ።

ሰውዬው (አንቱታውን ለሚገባው አቆይቼዋለሁ) የጥንት ሐውልቶችን መዳብ ላይ ቀርጸው ያተሙ የድሮ ሠዓሊዎችን ሥራ ሰብሳቢ ነኝ ባይ ነበር። ሄርኩለስ የተባለውን የግሪክ ተረት ጀግና የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች ነበሩት። በአንዱ ዱላው በቀኝ፣ በሌላው በግራ ነው። ሁለት የተለያዩ ሐውልቶች ናቸው እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈ። በ1994 ወይዘሮ ትርፍነሽ አንዱን ሥዕል መስታወት ፊት ይዘው ሐውልቱ አንድ መሆኑን አሳዩት፤ የዚያ ሥዕል ቀራጭ መዳቡ ላይ እንዳየው ስለቀረጸው ሲታተም ተገልብጧል።

በ1996 ዙሪክ ላይ ኤግዚቢሽን ከፈተ፤ መጽሐፍም አሳተመ። እሳቸው በባቡር መጡ፤ እኔ ታናሽ እህታቸው ኂሩትም እዚያው አጠገብ ከምኖርበት ከዲቲኮን ሄጄ አብረን ገባን። መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩላቸው። የመስታወቱ ነገር የሰውዬው ግኝት ሆኖ ተጽፏል። ምስጋናው መጨረሻ ላይ «አቧራ ላራገፈችልን ሠራተኛ» ይላል። ወይ ድፍረት! ስም እንኳ የለም።

እህቴ ፊት ለፊት ሊጠይቁት ተነሡ። ክንዳቸውን ይዤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ፔርሚያቸው፣ መኖሪያ ፈቃዳቸው ማለት ነው፣ ከሰውዬው ቤት ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። «እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም» አልኳቸው። ነቀዘ እንጂ! ውስጥ ውስጡን በላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሥዕሎቹ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በ1997 በጉበት ሕመም ሥራ አቁመው ጄኔቫ «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር በልጃቸው ቤት ሲታከሙ ቆዩ፤ ኖቬምበር 14 ቀን 1998 አረፉ። ትናንት ሰውዬው የአበባ ጉንጉን ላከ። ሪባኑ ላይ «ለታማኝ ሠራተኛችን» ይላል። ዛሬም ስም የለም! ከነሪባኑ መልሼለታለሁ።

ወይዘሮ ትርፍነሽ ልጃቸውን ሜሮንን፣ የልጅ ልጃቸውን ኤልዳድንና እኔን ትተው ሄደዋል። ይህን ወረቀት የያዛችሁ ሁሉ ዕወቁት፤ ሐውልቱ አንድ መሆኑን ያወቁት ትርፍነሽ ወዳጄ ናቸው። እግዚአብሔር በስማቸው ጠርቶ ይቀበላቸው፤ ዝም ላሰኘቻቸው ለእኔ ምላስ ግን ዕረፍት አይስጣት።