ትሪው ላይ ያሰመርኩት መስመር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1974

ሐኪሙ ሳንባህ ድኗል ብሎ አሰናብቶኛል፤ ጉልበቴ ግን አልተመለሰም። ከመገናኛ እስከ ቦሌ ሳላርፍ መሮጥ እፈልጋለሁ። የጤና መጽሐፉ ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ግራም ፕሮቲን ይላል፤ እኔ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ። ጠዋት ከሾላ ገበያ የመጣውን ምስር በብርጭቆ ሰፍሬ፣ የእንጀራውንም ፕሮቲን ደምሬ ጨረስኩ። ምሳ ላይ ስሌቴ ፈረሰ። አራት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የኔ ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ወጡን በጣቴ መስመር አስምሬ ለአራት ከፈልኩት። እህቴ በሳቅ ትን አላት። አባባ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«መሬት ተወረሰ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የቀረው ትሪው ነበር!»

«ልሮጥ ነው አባባ። አልተውም።»

እማዬ ከራሷ ድርሻ ጠቅልላ አፌ ላይ አደረሰችው።

«ይሄንንስ የት ላይ ትደምረዋለህ?»

ጎረስኩ። ከሷ ተቀንሶ ለኔ የተደመረ ነው። ታምሜ በተኛሁበት ዓመት ስንቱን እንዲህ እንዳጎረሰችኝ አልቆጠርኩም።

ነገም አሰምራለሁ፤ አባባ ይቆጡ። የእማዬን ግን ከሁላችን አስፍቼ ነው የማሰምረው። ከዚያ ላይ ቆርሳ ወደኔ ብትዘረጋ፣ ቀድሜ አጎርሳታለሁ።