ጎማ የማይጠገንበት ቤት

ሠናይትዬ፣ ደብረ ታቦር ስገባ የመኪናዬ ጎማ ተነፈሰ። የስልኬ ካርታ «ጎሚስታ» ብሎ ያደረሰኝ ከቅኔ መምህሩ ከመሪጌታ ዘውገ ደጃፍ ነው። «በዚህ ሳምንት አንቺ አራተኛዋ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝና ተማሪዎቻቸውን ትተው እስከ እውነተኛው ጎሚስታ ድረስ ሸኙኝ። በእኛ ሐዋሳ ቢሆን በአገጩ ጠቁሞ የሚያልፍ ነበር የሚገጥመኝ። ጎሚስታው ሚልኪያስ ደንበኛ ጠፍቶበት ቤቱን ሊዘጋ ነበር፤ ደጁ ላይ ቆሜ ቦታውን በስልኬ አስተካከልኩለት። ዛሬ እርማቱ ጸድቆ ሦስት መኪና ተሰልፎለት አየሁ።

መሪጌታን ልሰናበት ብሄድ ቅር ብሏቸዋል። «እንግዲህ እንግዳ ቀረብኝ። የእኔንም ቤት ካርታው ላይ ጻፊው፤ ጎማ የተነፈሰበት ወደ ሚልኪያስ፣ ቅኔ የጎደለበት ወደ እኔ ይምጣ በይበት» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩላቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማ ጽጌን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ዮርዳኖስ